የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

የመጀመሪያው ቡጢ ጉዳይ አስፈጻሚውን ከነወንበሩ ከግድግዳው ጋር አላተመው። ሁለተኛው አፍንጫው ላይ አረፈ። ሴራሚክ ሠሪው የመታው በግራ እጁ ነው፤ ቀኙ ከጣቶቹ ጫፍ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሎ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ተነስ!» አለው። «ተነስና ይሄን ካርድ አንብብልኝ!»

ጉዳይ አስፈጻሚውን «ጋሼ፣ እርስዎ» እያለ ነበር ሁለት ዓመት ያናገረው። አሁን አንተ ሲለው ምላሱ እንኳን አልተደናቀፈም።

ጉዳይ አስፈጻሚው ጠረጴዛውን ተደግፎ ሊነሳ ሲል የፋይሉ ቁልል ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ አጭርና ደንዳና ሰው ነው። በዚህ በሰው አገር ከመኖሪያ ፈቃድ እስከ ጤና ኢንሹራንስ፣ ያገሩ ልጆች የወረቀት ጣጣ ሁሉ የሚያልቀው ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ባለችው በዚች ጠባብ ክፍል ነው። ከታች ሲንቀጠቀጥ የነበረው የስፌት መኪና ድንገት ፀጥ አለ።

ሴራሚክ ሠሪው ካርዱን ፊቱ ላይ ወረወረው። «ትናንት የሰው መታጠቢያ ቤት ስሠራ ሴራሚክ መቁረጫው ግራይንደር አምልጦኝ እጄን በላው። ሦስት ጣቴ አይታጠፍም። ጅማቱ ተበጥሷል፣ ቶሎ ካልተሰፋ እጅህን እርሳው አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ልብሴን አስወልቀው፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ አድርሰውኝ ‹የኢንሹራንስ ካርድህ አይሠራም› ብለው መለሱኝ። በር ላይ!»

«ስማኝ እስቲ...»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ኪሴ ውስጥ የያዝኩት ፕላስቲክ ነው?»

አንገቱን አነቀው። አውራ ጣቱ ሥር የደም ሥሩ ሲመታ ተሰማው፤ አልለቀቀም። የሰውየው ዓይን ፈጠጠ፣ ከንፈሩ ጠቆረ። ሴራሚክ ሠሪው ለአንድ አፍታ ከልቡ እንዲሞትለት ፈለገ። የራሱ ሐሳብ አስደነገጠው፤ እጁን ግን አላላላም።

ያኔ ጉዳይ አስፈጻሚው እጁን ሰደደና ፋሻውን ጨምድዶ ጠመዘዘው።

ሴራሚክ ሠሪው እንዲህ ያለ ጩኸት ከራሱ ጉሮሮ ይወጣል ብሎ አስቦ አያውቅም። ወደ ኋላ ወደቀ። ጀርባው ወለሉን ሳይነካ ሰውየው ላዩ ላይ ወጣበትና በክርኑ አፉን ደቆሰው። ጥርሱ ሲነቃነቅ ተሰማው።

«ምን ብለህ ነገርካቸው?» አለ ጉዳይ አስፈጻሚው፣ የአፍንጫው ደም ሸሚዙ ላይ እየተንጠባጠበ። «ሐኪም ቤት፣ ሥራህ ምንድን ነው ሲሉህ ምን አልክ?»

«ምን እላለሁ? ሴራሚክ ሠሪ ነኝ አልኩ!»

«የፈረምከውን አንብበኸዋል?»

በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ስምንት ገጽ ወረቀት ነበር። እዚህ ጋ ፈርም ሲሉት ፈረመ፣ በቃ።

«ለራሱ የሚሠራ የውጭ ዜጋ ብቻውን ኢንሹራንስ አይገባም እዚህ። ቀጣሪህን አምጣ ነው የሚሉት። ከየት ታመጣለህ? እኔ ቀጠርኩህ! አንተን፣ ባለታክሲውን፣ ፀጉር ሠሪዋን፣ ሃያ ሦስት ሰው ለዚች ክፍል ቀጠርኩ! አንተ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዬ ነህ። ጠዋት ከኢንሹራንሱ ደወሉልኝ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እጁን ግራይንደር እንዴት ቆረጠው አሉኝ። ምን ልበላቸው? ፋይል ሲሰነጥቅ ነው ልበል?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ጉዳይ አስፈጻሚው ደረቱ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሰበሰበ። ቡጢውን እንደ ጨበጠ ነው፤ ሊመታው አንስቶት አየር ላይ ቆመ። «ፈራኋ» አለ። «አንዱ ካወቀ ሁሉም ያወራል ብዬ። ይኸው፣ ሁሉንም ሰረዙ። ልጄንም ጭምር። እሷን ጸሐፊዬ ብዬ ነበር ያስገባኋት። ነገ የኩላሊት እጥበት ቀኗ ነው።»

ቡጢው ሳያርፍ ወረደ። ሰውየው ከላዩ ተንከባሎ ወርዶ የብረት ቁም ሣጥኑን ተደግፎ ተቀመጠ። ሁለቱም ያለከልካሉ። በፋሻው ላይ ደም እንደ ፈሰሰ ሻይ ቀስ እያለ ይሰፋል። ሴራሚክ ሠሪው ልጅቷን አንድ ቀን አይቷታል፤ ከሲታ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ጥፍሯን ቀለም ስትቀባ።

«ሌሎቹ አውቀዋል?» አለ በመጨረሻ።

«በየስልካቸው መልእክት ልከውላቸዋል።»

ንግግሩን ሳይጨርስ የታችኛው በር ተበርግዶ ግድግዳውን መታ። «ኧረ ተረጋጉ፣ ወንድሞቼ!» ይላል ልብስ ሰፊው። ደረጃው በብዙ ሰው ኮቴ ተንጓጓ።

«የታለ ያ ሌባ?» የባለታክሲው ድምፅ ነው። ከኋላው አንዲት ሴት እያለቀሰች ትራገማለች። ብረት በደረጃው መደገፊያ ላይ እየተንኳኳ ይመጣል።

ጉዳይ አስፈጻሚው ንቅንቅ አላለም። ደሙን በእጅጌው ጠረገና የተበተኑትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረ። «ክፈትላቸው» አለ። «የመጣው ይምጣ።»

ሴራሚክ ሠሪው አየው። አፍንጫው አብጧል፤ አንገቱ ላይ አምስት የጣት ምልክት ቀልቷል። ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። ወደ በሩ ሄዶ ከውስጥ ቀረቀረውና ግራ ትከሻውን አስደግፎ ቆመ።

የመጀመሪያው እርግጫ በሩን ሲመታው ንዝረቱ በትከሻው አልፎ ፋሻው ውስጥ ገባ። ጥርሱን ነከሰ። ሁለተኛው ከመድረሱ በፊት፣ እግሮቹን ወረቀቶቹ ላይ አራርቆ ተከለ።