ለማርሚታው ሲባል

ላቀው ልጅ ሳለ አባቱና አንድ ጎረቤት ደጅ ተቀምጠው ሲያወጉ ሰምቷል። «ጭስ የሚቆጠርበት ዘመን ይመጣል» ያለው የትኛው እንደሆነ ዘንግቶታል፤ ሁለቱም መሳቃቸው ግን ትዝ ይለዋል።

ዛሬ የአንድ ሰው የቤቱና የመኪናው ጭስ ተደምሮ ይለካል። የላቀው ሚኒባስ ነገ ምርመራ አለባት፤ ከወደቀች ሥራው አበቃ።

«ከዚህ የተሻለ ማርሚታ የለህም?» አለው መካኒኩን ኑረዲንን፣ የሚገጠመውን የጭስ ማውጫ እያየ።

«የመጨረሻው ይሄ ነው ጋሼ። ያሳልፍሃል፤ ግን ቤትህ ምንም መጨስ የለበትም።»

«ቤቴ የምትጨስ አንዲት ጧፍ ብቻ ናት።»

«ጧፍማ ምን ጭስ አላት!» ብሎ ሳቀ ኑረዲን። በጭስ መለኪያው ላይ ጧፏን ደምሮ ሲያይ ግን ሳቁ ጠፋ። «ይቅርታ ጋሼ፣ እሷም ትጥልሃለች።»

ቤት ሲገባ ሚስቱ ውባለም ከሥዕለ አድኅኖው ሥር፣ በሟች ልጃቸው ፎቶ አጠገብ ጧፍ አብርታ ነበር። ቸርነት ካረፈ ወዲህ በስሙ ሳታበራ አድራ አታውቅም። ላቀው የሰማውን ነገራት።

«ልጄን በጨለማ ልተወው?»

«እግዜር በጨለማም ያየዋል፣ ውቤ።»

«እሱማ ያየዋል። የማላየው እኔ ነኝ።»

ሌላ ማርሚታም ሌላ ሥራም እንደሌለ እሷም ታውቃለች።

«እሺ» አለች፣ «ከእንግዲህ አላበራም። ይቺን ግን አንተው አጥፋት።»