የታየች ምላጭ

ታየች ምላጩን ከመቀነቷ ጫፍ ፈትታ ባሏ መዳፍ ላይ አኖረችው። ከታመመ ወዲህ የሠራው የመጀመሪያ ሸማ አልቆ፣ ከሽመና ዕቃው ላይ ተቆርጦ መውረድ ብቻ ቀርቶት ነበር።

ሸማኔው ምላጩን ሲያይ ፈራ። ያኔ ሲታመም ክሮቹ የሚናገረውን ሁሉ ለቀበሌ የሚያቀብሉ መስሎት የበጣጠሳቸው በዚሁ ምላጭ ነበር፤ ልትከለክለው ስትታገል ያተረፈችው ጠባሳ አሁንም ክንዷ ላይ ይታያል። የሽሮ ሜዳ ጎረቤት ሁሉ "ሰይጣን ለክፎት ነው" ሲል፣ ሐኪሙ "የአእምሮ ሕመም ነው፤ መድኃኒቱን አያቋርጥ" አላት። እሷም የሐኪሙን አመነች።

"አንቺው ቁረጪው" አላት ባሏ።

"ሸማ የሚቆርጠው የሠራው ነው።"

"ድንገት ቢነሳብኝስ?"

"ክኒንህን ውጠህ የለ እንዴ?" አለችና፣ ጀርባዋን ሰጥታው ቁጭ ብላ እንዝርቷን ማሾር ጀመረች።

እሱም ሸማውን በቀስታ ቆረጠና ጀርባዋ ላይ ደረበላት።