ገመዱ የተፈታ ዕለት

ክብደት ሳይታሰብ ከምድር መሄድና መመለስ ከጀመረ ወዲህ የተወለደ ልጅ ሁሉ በገመድ ታስሮ ነው ያደገው። የምንትዋብ ልጅ ኑሃሚንም ሦስት ዓመቷ ነው፤ ወገቧ ላይ የገመድ ምልክት አለ፣ ጉልበቷ ላይ ግን አንድም ጠባሳ የለም።

ምንትዋብ በረንዳው ላይ በክር ያንጠለጠለችው ድንጋይ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ክብደት ሊሄድ ሲል ውዝዋዜው እንደሚዘገይ ደርሳበታለች።

«ዛሬ ልፈታት ነው» አለች።

«ክብደቱ ሲሄድ የፊዚክስ ዲግሪሽ ነው የሚይዛት?» አሉ አማቷ እትዬ ደብሪቱ።

«እኔን ሳይሆን ድንጋዩን ይዩት።»

ቀትር ላይ ድንጋዩ መዘግየት ጀመረ። ምንትዋብ ልጇን አቅፋ፣ አማቷን እጃቸውን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻቸው። በሩ እንደተዘጋ ወንበሮቹ ከወለሉ ተነሡ፤ የድስቱ ክዳን ጣሪያው ላይ ተለጠፈ። የቀበሌው የማስጠንቀቂያ ደወል የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። እትዬ ደብሪቱ ምሰሶውን እንዳቀፉ ምራታቸውን አዩዋት።

ክብደት ሲመለስና ድንጋዩ እንደ ወትሮው ሲወዛወዝ ምንትዋብ የገመዱን ቋጠሮ ፈታችው። ኑሃሚን ወደ ግቢው ሮጠች፤ ብዙም ሳትርቅ ተደናቅፋ መሬት ላይ ወደቀች። ጉልበቷ ደማ። ምን እንደደረሰባት ስላልገባት ሳታለቅስ ደሙን አየችው።

ምንትዋብ ሳቋ አመለጣት። እትዬ ደብሪቱ ግን ከልጅቷ አጠገብ ቁጢጥ አሉና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጉልበታቸው ላይ ያለውን የልጅነት ጠባሳ አሳዩአት።

«አይዞሽ፣ እኔም አለኝ» አሉ። «በይ ተነሺና ደግሞ ሩጪ።»