ከመኪና ሥር የተጠራ ማርሽ

የፍዮሪ አሮጌ አውቶማቲክ መኪና አፍንጮ በር ቁልቁለት ላይ ሞተሯ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬኗ ተስቦ ቆማለች።

«ጋሽ ቡሽራ፣ አንዳንዴ ሳልነካው ማርሽ ይቀይራል» አለች ፍዮሪ።

«አውቶማቲክ አይደል እንዴ? ሥራው ነዋ!» ብሎ ሳቀ መካኒኩ። «በይ ግቢና ማርሹን ያዢልኝ። እኔ ከሥር ስጠራ ታስገቢያለሽ።»

ካርቶን ሊያመጣ ሄደ። ሲመለስ፣ ለዚህች ሥራ ደግሞ ጎማ ሥር የሚወተፍ ታኮ ምን ያደርጋል ብሎ፣ ቀና ብሎም ሳያይ በጀርባው ተንሸራቶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ከላይ ማርሹ ሲነካ አብራ የምትዞረውን የካምቢዮ ዘንግ በባትሪ አበራባት።

«አር!» ብሎ የኋላ ማርሹን ጠራ።

ዘንጓ ቀጭ ብላ ዞረች።

«ዲ!»

ቀጭ።

«እሰይ የኔ ልጅ! እጅሽ ቀና ነው።»

ይህን ሲል ነው የፍዮሪን ነጭ ጫማ ከመንገዱ ማዶ ያየው። አስፋልቱን ተሻግራ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ይቅርታ ጋሽ ቡሽራ፣ ካርቶን እስኪያመጡ ብዬ ማኪያቶ ጠጥቼ መጣሁ። አሁን ልክፈተውና ልግባ?» ቁልፉ እጇ ላይ ተንቃጨለ።

«ውስጥ ማን አለ?»

«ማንም የለም። ቆልፌው እኮ ነው የሄድኩት።»

ቡሽራ ሊወጣ ሲል ቱታውን ከላይ ያለ ብረት ያዘው። ቢጎትት አልለቅ አለው። ከእጅ ፍሬኑ ሌላ ጎማዎቹን ቆልፎ የሚይዝለት ፒ ብቻ ነው።

«ፒ!» አለ። «በአላህ፣ ፒ!»

ዘንጓ ዝም አለች። ከዚያ ማንም ሳይጠራት፣ ቀስ ብላ ጎማዎቹን ነፃ የሚለቀው ኤን ላይ ገባች።

ከላይ የእጅ ፍሬኑ ሲለቀቅ ተሰማ።