የሩቅ ወርዋሪ

ሰበታ ውስጥ እንደ ኢብሳ ያለ ተደባዳቢ የለም። ይህን የሚለው ራሱ ኢብሳ ስለሆነ ማስረጃ አያስፈልግም። በጋሽ ሙሄዲን ጌም ቤት የድብድብ ጌም ሲጫወት ማንም አሸንፎት አያውቅም። ቅዳሜ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በሚደረገው ውድድር ሰበታን የሚወክለውም እሱ እንደሆነ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል።

ከዚያ ጃዕፈር የሚባል ልጅ ልጋጠም ብሎ መጣ። እህቱ ሚንሃ እጁን ይዛ አስገባችው። ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም አላወለቀም።

«ኮቱ፣ ና እንጂ አርቲስቱ!» አለ ኢብሳ፣ እጁን ለሰላምታ እየዘረጋ።

ጃዕፈር አልጨበጠውም። የኢብሳ እጅ አየር ላይ ቀረ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ሁለት ዙር ያሸነፈ ቅዳሜ ይገባል» አሉ ጋሽ ሙሄዲን።

«ድምፁን ብቻ ጨምሩልኝ» አለ ጃዕፈር።

ጨመሩለት። በዚያው ቴሌቪዥኑን ጥፊ አቀመሱት። አርጅቷል፤ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ድርግም ይላል፣ የሚመለሰውም በጥፊ ነው።

ጃዕፈር ጥግ ይዞ የእሳት ኳስ መወርወር ጀመረ። አይጠጋም፣ አይራገጥም። ይወረውራል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይወረውራል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል፤ ኢብሳን ማየት የተጸየፈ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያውን ዙር እንዲህ ተዝናንቶ ወሰደ።

«ወንድ ከሆንክ ቀርበህ ተማታ!» አለ ኢብሳ በንዴት። ሁለተኛውን ዙር በመከራ አሸነፈ።

ሦስተኛው ሊጀመር ሲል ግን ምስጢሩን ደረሰበት። «እህቱ በጆሮው እየጠቆመችው ነው! ትውጣ!»

«እኔ ጌም የት አውቄ?» አለች ሚንሃ። ቢሆንም ወጣች።

ኢብሳ ጆይስቲክም አስቀየረ። ይኸኛውም አጭበርባሪ አለመሆኑ ሲረጋገጥ ዙሩ ተጀመረ። ኢብሳ እየዘለለ ተጠጋ። ሊጨርሰው አንድ ቡጢ ሲቀረው ምስሉ ድርግም አለ።

«ቆይ! አይቆጠርም!» ብሎ ጮኸ።

የእሳቱ ድምፅ ግን አላቆመም። ጋሽ ሙሄዲን በጥፊ ምስሉን ሲመልሱት የኢብሳ ተደባዳቢ በጀርባው ተዘርሯል።

«ሌባ! ምስሉ መጥፋቱን እያየህ ትመታኛለህ?» ብሎ ኢብሳ ተነሳበት። ቤቱም አብሮት ጮኸ።

ጃዕፈር ከጃኬቱ ኪስ የታጠፈ ነጭ በትሩን አውጥቶ እየዘረጋ፣ «ይቅርታ፣ ጠፍቶ ነበር እንዴ?» አለ።