የራስል እናት፣ ለማርጎ እናት

«ይሄን ማነው የጻፈው?» እላለሁ፣ ጣቴን ከላስቲኩ ላይ ሳላነሳ።

ወንድሜ ራስል የቡና ኩባያውን ከአፉ ይመልሳል። ቡትሱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው፤ የእኔም እንዲሁ። በረዶው ገና እየቀለጠ ስለሆነ በዚህ ሰሞን ቬርሞንት ውስጥ ጭቃ ያልነካው ጫማ የለም። እናታችን ዶሪን የሞተችው በጥር ነው። በብርድ የጠጠረው መሬት እስኪላላ አስከሬኗ መቃብር ቦታው ላይ ባለው የአስከሬን ማቆያ ክፍል ቆይቶ ነገ ይቀበራል። የመቃብሯ ድንጋይ ከመቀረጹ በፊት ጽሑፉን እንድናይ ድንጋይ ቀራጩ ሚስተር ቢያንኪ ወደ ሥራ ቦታቸው ጠርተውናል።

ግራጫው ግራናይት ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ላዩ ላይ ላስቲክ ተለጥፎበታል። ፊደሎቹ በምላጭ ተቆርጠዋል፣ ግን ገና አልተነሱም። ሲነሱ፣ በግፊት የሚረጨው አሸዋ በክፍተቱ ገብቶ ድንጋዩን ይበላዋል። ከዚያ ወዲያ እርማት የለም።

ከስሟ በታች ሁለት መስመር አለ። እናት የሚለው ቃል በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ከእሱ በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ እናት የሚለው ይቀድማል፣ ከማን ጋር እንደሚያስተሳስራት የምትናገረው ትንሽ ቃል ደግሞ ትከተለዋለች። በራስል መስመር ላይ ያለችው ‹ኦፍ› ናት፦ የራስል እናት። በእኔ መስመር ላይ ያለችው ‹ቱ› ናት፦ ለማርጎ እናት። ማንም አላፊ ቆሞ ቢያነበው ልዩነቱ ይገባዋል። የወለደች ‹ኦፍ› ናት። ‹ቱ› ግን እናት የሆነችልኝ እንደማለት ነው፤ አክስትም፣ ጎረቤትም፣ አስተማሪም ልትሆን ትችላለች።

ዶሪን አባቴን አግብታ ቤታችን ስትገባ አራት ዓመቴ ነበር። ራስልን የወለደችው ከዚያ በኋላ ነው። የእንጀራ እናት የሚለው ቃል ከእሷም ከአባቴም አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ከሰው ጋር ስታስተዋውቀኝ «ልጄ» ትልና እዚያው ታቆማለች።

«እኔ አይደለሁም ማርጎ» ይላል ራስል።

አልሰማውም። ከመጻፉ በፊት እኔን መጠየቅ እንኳ አቅቶት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። እግሯ አልታዘዝ ሲላት ያነሳኋት፣ ፀጉሯን ያጠብኩላት፣ ጥር ላይም አጠገቧ የነበርኩት እኔ መሆኔን እነግረዋለሁ።

«አንተ ለገና ካርድ ትልካለህ፤ ድንጋዩ ላይ ግን ባለቤቱ አንተ ነህ።»

«ካርዱንም የምትልከው ሚስቴ ናት» ይላል ቀስ ብሎ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር።

ሚስተር ቢያንኪ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። «እሱን ተይው። ራሷ ዶሪን ናት ያጻፈችው።»

ካቻምና መከር ላይ ብቻዋን መኪናዋን እየነዳች መጥታ፣ አሁን የራስል ኮት ያረፈበት ወንበር ላይ ተቀምጣ ቃል በቃል እንደነገረቻቸው ይተርካሉ። እሳቸውም የአፍ ወለምታ መስሏቸው፣ ሁለቱንም መስመር አንድ ማድረጉ የተለመደ ነው፣ ‹ኦፍ› ላድርጋቸው ወይ ብለው ጠይቀዋታል።

«‹አንድ አይደሉም፤ እንዳለ ይተዉት› አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።»

እንዴት አድርጋ እንዳለችው እጠይቃቸዋለሁ። ፈገግ ብላ ነበር? ድምፅዋስ? እኚህ ሰው ላጽናናሽ ብለው የሚዋሹ አይደሉም፤ ቆም ብለው ያስታውሳሉ።

«ጓንቷን እያጠለቀች ነበር። ፊቷን አላየሁትም።»

የወለደችኝ ሴት እዚያው መቃብር ቦታ ከአባቴ በስተግራ ተኝታለች። ምናልባት ዶሪን የሟቿን ቦታ መውሰድ አልፈለገችም። ምናልባት ‹ቱ› ለእሷ ከ‹ኦፍ› ትበልጥ ነበር። ወይም ደግሞ ያመነችበትን ብቻ ይሆናል ያጻፈችው። በቃል የምትሳሳት ሴት አልነበረችም። ጎረቤት የሰጣትን ማርማላታ እንኳ ከራሷ ጋር አትደባልቅም፤ ጠርሙሱ ላይ የሰጪዋን ስም ጽፋ ለብቻው መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠው ነበር። እኔ የቱ መደርደሪያ ላይ እንደነበርኩ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

«‹ኦፍ› ያድርጉት» ይላል ራስል። እጁን ትከሻዬ ላይ አሳርፏል። «ለሁለታችንም። ማን ያውቅብናል?»

ሚስተር ቢያንኪ ላስቲኩን ልጠው ሌላ ለመቁረጥ ብዙ እንደማይፈጅባቸው ይናገራሉ። ሁለቱም እኔን ያያሉ።

እፈልገዋለሁ። እሺ የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሳለች። ግን ያን ጊዜ ድንጋዩ ላይ የምትናገረው እሷ አትሆንም፤ እኔ ነኝ። አበባ ይዤ በሄድኩ ቁጥር የማነበው የራሴን ጽሑፍ ነው።

«እንዳለ ይተዉት» እላለሁ። ድምፄ የእሷን ይመስላል፤ ራስል ቀና ብሎ ያየኛል።

ሚስተር ቢያንኪ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው በምላጩ ጫፍ ፊደሎቹን ማንሳት ይጀምራሉ። ስሟ ይነሳል፤ እናት የሚለው ይነሳል። ሁለቱ ትንንሽ ቃላት በእንግሊዝኛ ሲጻፉ አንዲት ክብ ፊደል ይጋራሉ፤ በ‹ኦፍ› ፊት ትመጣለች፣ በ‹ቱ› ከኋላ። ከራስል መስመር አንዷን ይነቅላሉ፤ ከእኔ ሌላዋን። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸዋል፣ ቀለበት የሚያካክሉ ሁለት የላስቲክ ክቦች።

አነሳቸውና እጄን እጨብጣለሁ። ራስል ኮቱን ለብሶ በሩን ይከፍትልኛል። ደጃፉ ላይ ብርሃኑ ሲያገኘኝ መዳፌን እዘረጋለሁ፤ እያገላበጥኩ አያቸዋለሁ። የቷ የእሱ፣ የቷ የእኔ እንደነበረች መለየት አልቻልኩም።