የትራምፔተኛው ትንፋሽ

ሚስትየው ባሏ እንደታመመ ያወቀችው በድምፁ ነው። በአፉ ድምፅ አይደለም፣ በትራምፔቱ።

ድሮ ሲነፋ ድምፁ ወፍራምና ሙቅ ነበር። ልጃቸው ሚጢጢ እንኳ አጠገቡ ተኝታ አትባንንም። የባንዱ ሰዎች ከነሚስቶቻቸው ራጅ ከተነሡ ወዲህ ግን ሳሳበት። ረጅሙ ኖታ ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጥና መሃል ላይ ይበጠሳል።

የሁለታቸውንም የራጅ ውጤት ያመጣው እሱ ነበር። «ደህና ነን» አለና ከነጫማው አልጋው ላይ ተጋደመ። ከነጫማው! እሷም አልተቆጣችውም። የሆነ ነገር እንዳለ ያኔ ገባት።

በማግስቱ የትንፋሽ ልምምድ ካልጀመርኩ አለ።

«ሰውነቴ ሰንፎ ነው ድምፄ የከዳኝ። ብቻዬን ደግሞ አልዘልቀውም፣ አብረሽኝ ሥሪ።»

«እኔ ምን ልነፋ ነው? ድስት?»

«አንቺማ ሚጢጢን ስትቆጪ ከኔ ትራምፔት በላይ ይሰማል።»

ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ዞረባት። ቤቱ በቅርቡ ተቀብቶ የቀለሙ ሽታ ጉሮሮዋን ይዟት ነበር።

ጠዋት ጠዋት ወለሉ ላይ ጎን ለጎን በጀርባቸው ይተኛሉ። ሆዳቸው ላይ ወፍራም ወፍራም መጽሐፍ ይጭናሉ። ደረት ዝም ብሎ ሆድ ብቻ መጽሐፉን ማንሣት አለበት። «በአፍንጫሽ ሳቢ። በከንፈርሽ ቀስ አድርገሽ ልቀቂ። ቀስ፣ እንዲህ፣ ጎበዝ!» ይላታል። የራሱን መጽሐፍ ዞር ብሎ አያየውም፣ ዓይኑ የሷ ላይ ነው። የራሱን ማየት ፈርቶ ነው፣ አንጀቴን በላው፣ ትላለች በልቧ።

ከዚያ የሕንፃውን ደረጃ ይወጣሉ። እኩሌታው ላይ «ኡፍ፣ ደከመኝ» ብላ የምትቀመጠው ሁልጊዜ እሷ ናት። እሱ ቀድሞ እንዳያፍር። አጠገቧ ይቀመጥና ጀርባዋን ያሻታል። አይዞሽ ይላታል። ማን ማንን አይዞህ ማለት እንደነበረበት እግዜር ያውቃል።

ልምምዱ ሥራውን አልሠራም አይባልም። ዝቅ ያሉት ድምፆች ተመለሱ፣ እንደ ድሮው ወፈሩ። ረጅሙ ኖታ ብቻ እምቢ አለ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ስታየው ደግሞ ይብስበታል።

አንድ ቀን ማበጠሪያ ይዞ መጣ።

«የሚጢጢን ፀጉር እንዴት እንደምትጎነጉኚ አሳዪኝ እስቲ።»

«ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?»

«ልጄ አይደለችም እንዴ?»

ትራምፔት ላይ የሚሮጡት ጣቶች ጉንጉኑ ላይ እርስ በርስ ተጠላለፉ። ሚጢጢ ጮኸች። «አባዬ ያመኛል! እማዬ ትሥራኝ!»

«ልመጂው፣ የኔ ቆንጆ» አላት።

እናት ወጥ ቤት ገብታ ውሃውን ከፈተችና አለቀሰች፣ ውሃው እንዲሸፍንላት። ልጁን ሳይጠግባት ሊሄድ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለ አባት ልጅ እንዴት እንደሚያድግ ማሰብ ያዘች። ሲተኛ ትንፋሹን ታዳምጣለች። ሲነቃ ትስቅለታለች።

አልቻለችም። ሄዳ የባንዱን አለቃ ያዘች።

«ጋሼ፣ አይደብቁኝ። ሳንባውን ነው አይደል?»

«ማንን፣ እሱን? ትናንት ትልቁን ከበሮ ብቻውን ተሸክሞ ደረጃውን በሩጫ ወጣ! ትንፋሽ ሞልቶታል፣ የኔ ልጅ። ረጅሙ ኖታ ላይ ጉሮሮው ይዘጋበታል እንጂ። ጉሮሮ ከተዘጋ የሆድ ልፋት ምን ያደርጋል? ምን ሆንክ ስለው ሣጥኑን ዘግቶ ይሄዳል።»

አላመነችውም። ተማክረው ነው አለች። ወንዶች ናቸው፣ ይደባበቃሉ። ሴት ሐኪም ግን እናትን አትዋሽም።

ራጅ የተነሡበት ሐኪም ቤት ፎቅ ላይ ነው። እኩሌታው ደረጃ ላይ ስትደርስ ቁጭ አለች። ዛሬ የምታስመስልለት ሰው አልነበረም።

«ዶክተር፣ የባሌን እውነቱን ይንገሩኝ። ልጅ አለችን። ልዘጋጅበት።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አልነገረሽም እንዴ? እኔው እነግራታለሁ ብሎኝ እኮ ነው የሄደው። በኋላም ደውሎ የትንፋሽ ልምምዱን ጀምረናል አለኝ።»

«አዎ ጀምረናል፣ አብሬው እሠራለሁ። ይድንልኛል?»

ሐኪሟ ተነሥታ በሩን ዘጋች።

«ባልሽማ ምንም የለበትም» አለች፣ ወንበር እየሳበችላት። «ነይ፣ አንቺ ቁጭ በይ።»